ከመሪው ሥር የሚሰካው ታዛቢ፦ የመኪና መድን ቅናሽ በምን ይለካል?

በአብዛኞቹ የነዳጅ መኪኖች ውስጥ፣ በሾፌሩ ጉልበት ትይዩ፣ ከመሪው ሥር ጎንበስ ብሎ ለፈለገው ሰው ብቻ የሚታይ ጠፍጣፋ ሶኬት አለ። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ ሲሆን በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 16 ቀዳዳዎች አሉት። የሞተር መብራት በርቶ አልጠፋ ሲል መካኒኮች መኪናውን በኮምፒውተር የሚያስነብቡት በዚሁ በኩል ነው። ኦቢዲ ሁለት በመባል የሚታወቀው ይህ ሶኬት በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በቤት መኪኖችና በቀላል የጭነት መኪኖች ላይ የግድ እንዲኖር የተደረገው የጭስ ብክለትን የሚቆጣጠሩት የመኪናው ክፍሎች በትክክል መሥራታቸውን ለማረጋገጥ ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳዩን ከ2001 ጀምሮ ለቤንዚን፣ ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ለናፍጣ መኪኖች ደንግጓል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለጭስ ተብሎ የተከፈተው ይህ በር ብዙም ሳይቆይ የመድን ድርጅቶችን ዐይን ሳበ።

ድርጅቶቹ የሚያቀርቡት ሐሳብ ቀላል ይመስላል። በመዳፍ ውስጥ የምትያዝ መሣሪያ እንልክልዎታለን፣ ሶኬቱ ላይ ይሰኩት፣ ለጥቂት ወራት እንደ ወትሮው ይንዱ፣ በጥንቃቄ የሚነዱ ከሆነ አረቦንዎ ይቀንሳል ይላሉ። አረቦን መድን ገቢው ለዋስትናው በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ነገሩ «ጥሩ ሾፌር ነዎት ወይስ አይደሉም?» የሚል ፈተና ሆኖ ስለሚቀርብ፣ ራሱን መጥፎ ሾፌር አድርጎ የሚቆጥር ሰው ደግሞ ብዙም ስለማይገኝ፣ ቅናሹ ከወዲሁ ኪስ የገባ ገንዘብ ይመስላል። መሣሪያው ግን የመንዳት ችሎታን አይለካም። የሚለካው ከአደጋ ጋር ዝምድና ያላቸውን ጥቂት ቁጥሮች ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ በርከት ያሉት ከሾፌሩ እጅና እግር ይልቅ የት እንደሚኖር፣ ከሥራ ስንት ሰዓት እንደሚወጣና በምን ዓይነት መንገድ እንደሚመላለስ የሚናገሩ ናቸው።

ቅናሹ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የድሮውን አሠራር ማየት ይጠቅማል። የመድን ድርጅት ውል ሲጽፍ ስለ ደንበኛው አነዳድ የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነው። ዕድሜውን፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ስንት ዓመት እንደሆነው፣ የመኪናውን ዓይነት፣ የመኖሪያ አካባቢውንና ከዚህ ቀደም የካሣ ጥያቄ አቅርቦ እንደሆነ ይጠይቃል፤ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶችም የብድር አከፋፈል ታሪኩን ጭምር ይመለከታል። ከዚያም ከእርሱ ጋር የሚመሳሰሉ ሰዎችን በአንድ ቡድን ይሰበስብና የቡድኑን አማካይ ኪሳራ አስልቶ ለሁሉም ያካፍላል። በዚህ አሠራር አንዱ በዓመት 5,000፣ ሌላው 30,000 ኪሎ ሜትር የሚነዱ ሁለት ጎረቤታሞች ተቀራራቢ አረቦን ሊከፍሉ ይችላሉ፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚቆይበት ጊዜ፣ አደጋ የሚገጥመውም ዕድል፣ እጅግ የሰፋ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዊልያም ቪክሪ ይህን አከፋፈል በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ ነቅፎታል። ሰው አንዴ ዓመታዊውን አረቦን ከከፈለ በኋላ እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ሜትር ከመድን አንጻር በነጻ ስለሚሆንለት ቁጠባ የሚያደርግበት ምክንያት አይኖረውም። ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ብሩኪንግስ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ያወጣው ጽሑፍ መድን በተነዳ ርቀት ልክ ቢከፈል በአሜሪካ የሚነዳው ርቀት በ8 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስና ከሦስት ቤተሰብ ወደ ሁለቱ የሚጠጉት ከቀድሞው ያነሰ እንደሚከፍሉ ገምቷል። ብዙ የሚነዱት ጥቂቶች በመሆናቸው የእነርሱን ወጪ ጥቂት የሚነዱት ብዙኃን ሲሸከሙ ኖረዋል ማለት ነው። እንግዲህ የቅናሹ ሐሳብ በራሱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ክርክሩ ያለው ከርቀት አልፎ ሌላ ምን ይለካ በሚለው ላይ ነው።

ሙከራው የተጀመረው ሶኬቱ ላይ አልነበረም። ፕሮግረሲቭ የተባለው የአሜሪካ መድን ድርጅት በ1990ዎቹ መጨረሻ በቴክሳስ ሂውስተን ጂፒኤስና የስልክ መስመር ያለው መሣሪያ በደንበኞች መኪና ላይ እያስገጠመ ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያውን መግዛትና በባለሙያ ማስገጠም ውድ ነበር። በ2004 በሚኒሶታ ወደ ሶኬቱ ዞረ፤ ደንበኛው ራሱ ሰክቶ ከቆየ በኋላ ነቅሎ ከቤቱ ኮምፒውተር ጋር በማገናኘት መረጃውን ይልክ ነበር፣ ያየውን ካልወደደው ደግሞ አለመላክ ይችል ነበር። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ሲም ካርድ ስላላቸው ይህ ምርጫ ቀርቷል። በብሪታንያ ኖርዊች ዩኒየን የተባለው የመድን ድርጅት በ2006 በርቀትና በሰዓት የሚከፈል መድን ለገበያ አቅርቦ በ2008 አቋርጦታል። በጣሊያን ግን «ጥቁር ሣጥን» የሚባለው መሣሪያ ሥር ሰዷል፤ የማጭበርበር የካሣ ጥያቄ ያስቸግር ስለነበር የ2012 ሕግ ሣጥኑን ለሚቀበል ደንበኛ ድርጅቶቹ ጉልህ ቅናሽ እንዲሰጡና የማስገጠሚያውንም ወጪ እንዲሸፍኑ አስገደደ።

መሣሪያው ሲሰካ የመጀመሪያ ሥራው መኪናው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው፤ 17 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት የሻሲ ቁጥር በዚህ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ በየሰከንዱ ገደማ አንድ ጥያቄ ለመኪናው ኮምፒውተር ይልካል፦ አሁን ፍጥነትህ ስንት ነው? መልሱ ከ0 እስከ 255 ባለው ክልል ውስጥ የሚገኝ አንድ ሙሉ ቁጥር ሲሆን የሚቆጠረውም በኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ከዚህ አንድ ቁጥርና ከሰዓት ብዙ ነገር ይወጣል፦ የተነዳው ርቀት፣ ጉዞው የተጀመረበትና ያበቃበት ጊዜ፣ የፍጥነት አጨማመርና ድንገተኛ ፍሬን። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች በተጨማሪ የመኪናውን መወዛወዝ የሚለካ ክፍልና ጂፒኤስ አላቸው፤ ጂፒኤስ ያለው መሣሪያ መኪናው የት እንደነበረና የመንገዱን የፍጥነት ወሰን አልፎ እንደሆነ ጭምር ማወቅ ይችላል። ከፊት ለፊት ምን እንደነበረ፣ ሾፌሩ ዐይኑ ወዴት እንደነበር፣ መስመር ሲቀይር መስታወት አይቶ እንደሆነ ግን ሶኬቱ የሚናገረው ነገር የለም።

ከሁሉም በላይ ደንበኞችን የሚያበሳጨው የድንገተኛ ፍሬን ቆጠራ ስለሆነ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። በሰፊው የታወቀው መለኪያ ፕሮግረሲቭ የተጠቀመበት ነው፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ፍጥነቱ በሰዓት 7 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ ድንገተኛ ፍሬን ተብሎ ይመዘገባል። ይህ በኪሎ ሜትር ሲሰላ 11.3 ገደማ ነው። አሁን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሾፌር የትራፊክ መብራት ወደ ቢጫ ሲቀየርበት ፍሬን ያዘ እንበል። መሣሪያው በየሰከንዱ የሚያነበው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ 60፣ 52፣ 40፣ 28፣ 15፣ 4፣ 0። ከ52 ወደ 40፣ ከ40 ወደ 28፣ ከ28 ወደ 15 የወረደባቸው ሦስት ሰከንዶች ወሰኑን አልፈዋል፤ ተመዝግቧል። ሌላው ሾፌር በዚያው ፍጥነት እየመጣ 60፣ 52፣ 43፣ 33፣ 23፣ 12፣ 4፣ 0 ብሎ ቢቆም ግን ከየሰከንዱ ቅናሽ ትልቁ 11 ስለሆነ ንጹሕ ሆኖ ያልፋል። የመጀመሪያው ለመቆም 6 ሰከንድና 47 ሜትር ገደማ ሲፈጅበት ሁለተኛው 7 ሰከንድና 55 ሜትር ገደማ ወስዶበታል። በጥሩና በመጥፎ ምዝገባ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰከንድና ስምንት ሜትር ነው፣ ሁለት መኪና ተከታትሎ ቢቆም ከሚይዘው ቦታ የማይበልጥ።

ሁለቱም ሾፌሮች የተለመደ አቋቋም እንደቆሙ ልብ ይሏል። በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው የረገጠ ሾፌር ከዚህ ወሰን በእጥፍ በሚበልጥ ኃይል ሊቆም ይችላል። ስለዚህ «ድንገተኛ ፍሬን» የሚለው ስም ጎማ የሚያስጮኸውን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ሰው፣ ሻንጣ ከወንበር ላይ ሳይወድቅ እንኳ ሊመዘገብበት እንደሚችል ሲያውቅ ይገርመዋል።

«ልጅ መንገድ ላይ ዘሎ ቢገባብኝ ፍሬን በመያዜ ልቀጣ ነው?» የሚለው ተቃውሞ በየጊዜው ይነሳል። የመድን ሒሳብ ሠሪዎች መልስ አላቸው፣ መልሱም ውድቅ የሚደረግ አይደለም፦ አንድን ፍሬን ለብቻው አንፈርድበትም፣ የምናየው በተነዳው ርቀት ላይ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ነው፤ ከፊቱ ካለው መኪና ጋር ተጠግቶ የሚነዳና አርቆ የማያይ ሰው ከሌሎች ይልቅ ደጋግሞ በድንገት ይቆማል ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መብራትና እግረኛ በበዛበት የከተማ መንገድ የሚመላለስ ሰው፣ ረጅም ባዶ አውራ ጎዳና ላይ ከሚነዳ ሰው ጋር ሲነጻጸር፣ በዚያው ርቀት ውስጥ ፍሬን የሚይዝበት ጊዜ እጅግ የበዛ ነው። የመጀመሪያው ጠንቃቃ፣ ሁለተኛው ችኩል ቢሆኑ እንኳ ቁጥሩ በተቃራኒው ሊያሳያቸው ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ መለኪያው ባህሪን ወዳልተፈለገ አቅጣጫ ሊገፋ መቻሉ ነው። ድንገተኛ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጢጥ የሚሉ መሣሪያዎች አሉ፤ ያን ድምፅ ላለመስማት ብሎ ቢጫ መብራት የሚጥስ ሾፌር በመዝገቡ ላይ ጥፋት የለበትም። በእኔ አስተያየት የመለኪያው ትልቁ ድክመት ይህ ነው፦ የመቆምን ዋጋ ይቆጥራል፣ ያለመቆምን ዋጋ ግን አያይም።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ማለዳ በሚነዳው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ላይ የሚደርሰው ከባድ አደጋ ከቀኑ የበዛ መሆኑ የሚያከራክር አይደለም፤ ድካም፣ መጠጥና ጨለማ ይገናኛሉ። ስለዚህ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ለዚህ ክፍለ ጊዜ ነጥብ ይቀንሳሉ። ችግሩ ቁጥሩ ከጭፈራ ቤት የሚመለሰውንና ከሆስፒታል የሌሊት ተራ የምትወጣውን ነርስ መለየት አለመቻሉ ነው። ነርሷ ምንም ያህል በጥንቃቄ ብትነዳ የሥራ ሰዓቷን መቀየር አትችልም። አደጋዋ ከሌላው እንደሚበልጥ ስታትስቲክሱ ይናገር ይሆናል፤ «ጥንቃቄዎን እንሸልማለን» የሚለው ማስታወቂያ ግን ለእርሷ ትርጉም የለውም።

ካሊፎርኒያ በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ ይዛለች። በ1988 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕግ አረቦን በዋነኝነት በመንዳት የደኅንነት ታሪክ፣ በዓመት በሚነዳው ርቀትና በመንዳት ልምድ ዓመታት ላይ እንዲመሠረት ያዝዛል። በመሆኑም በዚያ ግዛት መሣሪያዎች የሚፈቀዱት የተነዳውን ርቀት ለማረጋገጥ ብቻ ነው፤ ፍሬንና ሰዓት ቆጥሮ ዋጋ መወሰን አይቻልም። ይህ ገደብ የቪክሪን የቆየ ክርክር ሳይነካ ሌላውን ሁሉ ያስቀረ በመሆኑ፣ ሌሎች ግዛቶችም ሊያጤኑት የሚገባ ይመስለኛል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ መጠንቀቅ የሚገባው ቃል «እስከ» ነው። «እስከ 30 በመቶ» ወይም «እስከ 40 በመቶ» የሚል ማስታወቂያ የሚናገረው ስለ ጣሪያው ነው፤ ጣሪያውን የሚነካው ጥቂት የሚነዳ፣ በቀን የሚነዳና ለስላሳ መንገድ ያለው ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ ለመመዝገብ ብቻ የሚሰጥ አነስተኛ ቅናሽ አለ፤ ይህ የመጀመሪያው ውል እስኪያልቅ ይቆይና በዕድሳቱ ጊዜ በመሣሪያው ውጤት ይተካል። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ምን ይሆናል የሚለው ከድርጅት ድርጅት፣ ከግዛት ግዛት ይለያያል፦ አንዳንዶቹ ቅናሹን ይከለክላሉ እንጂ አይጨምሩም፣ ሌሎቹ ግን አረቦኑን ከፍ ያደርጋሉ። ከመሰካቱ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ቅናሹ ከምን ላይ እንደሚቀነስ ነው። የአንድ ሰው አረቦን 1,000 ዶላር ነበር እንበል። በዕድሳቱ ጊዜ የመሠረቱ ዋጋ ለሁሉም ደንበኛ በ12 በመቶ ስለጨመረ 1,120 ሆነ፤ ለመሣሪያው 10 በመቶ ቢቀነስለት የሚከፍለው 1,008 ዶላር ነው። ወረቀቱ ላይ የ112 ዶላር ቅናሽ በደማቁ ተጽፎ ያያል፣ ከኪሱ ግን ካምናው 8 ዶላር አብልጦ ያወጣል። ድርጅቱ አልዋሸም፤ ያለ መሣሪያው 1,120 ይከፍል ነበር። ይሁንና ከሌሎች ድርጅቶች ዋጋ ጠይቆ ማወዳደር ከመሣሪያው የሚበልጥ ልዩነት ሊያመጣ እንደሚችል የሚያሳይ ስሌት ነው።

መሣሪያው በእርግጥ ሰውን ያስተካክላል ወይ? ጥናቶች አዎን የሚያሰኝ ማስረጃ አላቸው። በ2019 በአንድ የግብይት ሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ተመዝግበው የቆዩ ደንበኞች በቀን የሚይዙት ድንገተኛ ፍሬን ከስድስት ወር በኋላ በ21 በመቶ እንደቀነሰ፣ የሚነዱት ርቀት ግን እንዳልተቀየረ አሳይቷል። በ2021 የተሰራጨ ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዎች ክትትል ላይ ባሉበት ጊዜ በአማካይ በ30 በመቶ ያህል ከአደጋ የራቁ እንደሚሆኑ አስልቷል። «ክትትል ላይ ባሉበት ጊዜ» የሚለው ሐረግ ሊታለፍ አይገባም። ፈተና እንደተቀመጠ ተማሪ፣ እየታየ መሆኑን የሚያውቅ ሾፌርም ይጠነቀቃል። ከዚህ ሌላ፣ ለመመዝገብ የሚፈቅደው ሰው አስቀድሞም ቢሆን ጠንቃቃ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ድርጅቱ ከመሣሪያው ቁጥር በፊት «ልሰካ» ከሚለው መልስ ብቻ አንድ ነገር ይማራል። የዚህ ተገላቢጦሽ ደግሞ «አልሰካም» ማለት ራሱ እንደ መረጃ መቆጠሩ ነው። ጠንቃቆቹ ወደ ቅናሹ ሲሰበሰቡ በቀድሞው ቡድን የሚቀረው አማካይ ኪሳራ ይጨምራል፣ ዋጋውም ይከተላል፤ ያኔ ለግል ሕይወቱ ሲል እምቢ ያለው ሰው በምርጫው ሳይሆን በቡድኑ ምክንያት ይከፍላል።

ይህ ሁሉ ተብሎም መሣሪያው በእውነት የሚጠቅማቸው አሉ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በመጋቢት 2011 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ከታኅሣሥ 21 ቀን 2012 ጀምሮ በአባል አገሮቹ በጾታ ላይ የተመሠረተ አረቦን ቀርቷል። ከዚያ በፊት ወጣት ሴቶች ከወጣት ወንዶች ያነሰ ይከፍሉ ነበር። ልዩነቱ ሲከለከል ጠንቃቃ የሆነ ወጣት፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ከዕድሜ እኩዮቹ የሚለይበት መንገድ አስፈለገው፤ በብሪታንያ ጥቁር ሣጥን በአዲስ ሾፌሮች ዘንድ የተለመደው በዚህ ዘመን ነው። ሌላ ማስረጃ የሌለው ሰው ማስረጃ የሚያገኝበት መንገድ በመሆኑ ለእነርሱ ልውውጡ ያዋጣል። ጡረታ ወጥቶ መኪናውን በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚያንቀሳቅስ ሰውም እንዲሁ ተጠቃሚ ነው፤ እርሱ የሚያተርፈው ግን በአነዳዱ ሳይሆን ባለመንዳቱ ነው።

መሣሪያው የሚሰካው በመኪናው ላይ በመሆኑ የሚያውቀው መኪናውን እንጂ ሾፌሩን አይደለም። ወንድም ተውሶ የነዳው፣ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ ለሙከራ ያበረረው፣ ሁሉም በባለቤቱ ስም ይመዘገባል። ብዙ ድርጅቶች ዛሬ ወደ ስልክ መተግበሪያ የዞሩት በከፊል ርካሽ ስለሆነ፣ በከፊል ደግሞ ስልክ ሰውየውን ስለሚከተል ነው፤ በተጨማሪም ስልክ በመንዳት ላይ እያለ መነካካቱን ያውቃል፣ ሶኬቱ ግን አያውቅም። ለውጡ የራሱን ስሕተት ይዞ መጥቷል። ታክሲ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠን ሰው መተግበሪያው ሾፌር አድርጎ ሊመዘግበውና የታክሲ ነጂውን ጥፋት ሊጭንበት ይችላል፤ ስለዚህ የጉዞውን ዝርዝር እየከፈቱ «ተሳፋሪ ነበርኩ» ብሎ ማረም የተጠቃሚው ሥራ ይሆናል።

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ወዴት ይሄዳል የሚለው ከቅናሹ የሚከብድ ጥያቄ ነው። በመጋቢት 2024 ኒው ዮርክ ታይምስ እንደዘገበው ጄኔራል ሞተርስ በመኪኖቹ ውስጥ ባለው የኦንስታር አገልግሎት በኩል የሰበሰበውን የፍሬን፣ የፍጥነትና የጉዞ መረጃ ሌክሲስኔክሲስና ቬሪስክ ለተባሉ ድርጅቶች ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ለመድን ሰጪዎች የሾፌሮች ዘገባ ያዘጋጃሉ። አንዳንድ ባለመኪኖች ምንም ነገር ሳይሰኩ አረቦናቸው የጨመረበትን ምክንያት ያወቁት የራሳቸውን ፋይል ጠይቀው ሲያዩ፣ እያንዳንዱ ጉዟቸው በቀንና በሰዓት ተዘርዝሮ ሲያገኙት ነበር። ኩባንያው በዚያው ወር መረጃ መስጠቱን አቆመ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በጥር 2025 ለአምስት ዓመት እንዲህ ያለውን መረጃ ለዘገባ ድርጅቶች እንዳይሰጥ የሚያግድ ስምምነት ይፋ አድርጓል። ይህ ታሪክ ስለ ተሰኪው መሣሪያ አይደለም፤ እንዲያውም ለመሣሪያው አንድ መልካም ጎን ያሳያል። መሣሪያውን ሰው በገዛ እጁ ሰክቶታል፣ በገዛ እጁ ይነቅለዋል፤ በመኪናው ውስጥ አብሮ የተሠራውን ግን መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። በአሜሪካ የሚኖር ማንኛውም ሰው እነዚህ ድርጅቶች በስሙ የያዙትን ፋይል ያለ ክፍያ የመጠየቅ መብት አለው።

አደጋ ሲደርስም መረጃው ሁለት ስለት አለው። ጥፋተኛ ያልሆነውን ሾፌር ከሐሰት ክስ ሊያድነው ይችላል፣ ጥፋተኛውን ደግሞ ሊያጋልጠው። በጣሊያን በ2017 የወጣው ሕግ የጥቁር ሣጥን መረጃ፣ መሣሪያው መበላሸቱ ወይም መነካካቱ ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ በፍትሐ ብሔር ክርክር ሙሉ ማስረጃ እንዲሆን ደንግጓል። ይህ መሣሪያ ከአየር ከረጢቱ ጋር ተያይዞ ከግጭት በፊት ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ከሚይዘው የመኪናው የራሱ መቅጃ ጋር መምታታት የለበትም፤ የዚያኛው መረጃ በአሜሪካ በ2015 በወጣ ሕግ የመኪናው ባለቤት ወይም ተከራይ ንብረት ነው። የመድን ድርጅቱ መሣሪያ የሚሰበስበው ግን የሚገዛው ደንበኛው በፈረመው ውል ነው።

የደኅንነት ጉዳይም አለ። ሶኬቱ መረጃ የሚወጣበት ብቻ ሳይሆን ትእዛዝ የሚገባበትም በር ነው። በ2015 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች ለመድን አገልግሎት በዋለ አንድ ዓይነት ተሰኪ መሣሪያ ላይ የጽሑፍ መልእክት በመላክ የአንዲት ኮርቬት መኪና የዝናብ መጥረጊያ እንዲንቀሳቀስ፣ በዝግታ ስትሄድም ፍሬኗ እንዲይዝና እንዳይሠራ ማድረግ ችለው ነበር። ያ ቀዳዳ ተደፍኗል። ይህን ሰምቶ ሁሉንም መሣሪያ መፍራት አያስፈልግም፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ላይ በርካሽ የተገዛ ስም የለሽ መሣሪያ በዚህ ሶኬት ላይ ሰክቶ መርሳት ከመድን ድርጅቱ መሣሪያ የባሰ ግድየለሽነት ነው።

የቀሩት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፣ ግን ያናድዳሉ። ከሶኬቱ ቀዳዳዎች አንዱ ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ከባትሪው ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ መሣሪያው የሚጠቀመው ጥቂት ቢሆንም፣ ለሳምንታት የቆመ መኪና ባትሪ፣ በተለይ ያረጀ ከሆነ፣ ሊሞት ይችላል። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች የነዳጅ መኪና የሚሰጠውን መረጃ በዚህ መልክ ስለማይሰጡ ብዙውን ጊዜ ወደ ስልክ መተግበሪያ ይመራሉ። መኪናውን በኮምፒውተር ለማስነበብ መካኒኩ መሣሪያውን መንቀሉ የግድ ነው፤ የተነቀለበትና የተመለሰበት ሰዓት ግን ይመዘገባል፣ ሲደጋገምም ቅናሹን ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ጋራዥ የገባበትን ቀን የሚያሳይ ደረሰኝ አስቀምጦ ለድርጅቱ አስቀድሞ መንገር ይበጃል።

ለመወሰን የሚፈልግ ሰው ከመሣሪያው በፊት የራሱን አንድ ወር ቢያስተውል ይሻለዋል። ስንት ኪሎ ሜትር ነዳ፣ ስንቱን ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ስንቱን መብራት በበዛበት መንገድ? የርቀቱ ቁጥር ከዳሽቦርዱ ላይ ይነበባል፣ ሌላውን ራሱ ያውቀዋል። ሦስቱም ለእርሱ የሚያደሉ ከሆነ መሣሪያው የሚያገኘው ውጤት ብዙም አያስገርመውም። ካላደሉለት ደግሞ ለስለስ አድርጎ ፍሬን መያዝን መማር መልካም ቢሆንም የሥራ ሰዓቱን አይለውጥለትምና፣ በርቀት ብቻ የሚከፈል ውል ያለው ድርጅት ቢፈልግ ወይም ሳይሰካ ቢቀር የሚሻለው ይመስለኛል። ውሉን ሲያነብም መሣሪያው ለተወሰኑ ወራት ነው ወይስ ውሉ እስካለ ድረስ፣ ጂፒኤስ አለው ወይስ የለውም፣ መረጃው ለሦስተኛ ወገን ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚሉትን ሦስት ነጥቦች ፈልጎ ከሥራቸው ያስምርባቸው።

ክትትሉ ሲያበቃ መሣሪያው የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ በተሰጠው ቀነ ገደብ በፖስታ መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ዋጋው ከሒሳብ ላይ የሚታሰብበት ውል አለ። ፖስታ ቤት የሚሰጠውን ደረሰኝ መያዝና ድርጅቱን በጽሑፍ ሁለት ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው፦ መሣሪያው መድረሱን፣ በውስጡ ያለፉት የጉዞ መዝገቦችም በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ።